አውራ ጣት ሲያኩርፍ

የቤተሰብ ማዕዘን፦ ስለ እግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል የማያውቅ የለም፤ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። በተለይም በእኛ በወታደሮች ዘንድ ቁስል እንደ ክብር፣ ሕመም ግን እንደ ሐፍረት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። በጥይት የተመታ እግር ይታሰራል፤ ይጠየቃል፤ ይመሰገናል። ያለ ጥይት የሚያነክስ እግር ግን «ሥራ ሸሽቶ ነው» ይባላል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ጉዳይ ከእንዲህ ዓይነቱ ፍርድ የተነሣ ነው፤ ፈራጆቹም ሌሎች ሳንሆን እኛው ነበርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ የሰልፍ ልምምድ ዕለት፣ በሦስተኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ላይ የተሰለፉ አንድ የሃምሳ አለቃ ርምጃቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር አልገጥም አለ። ግራ እግራቸው እንደ ሌሎቹ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ያርፋል፤ ቀኙ ግን የውጭ ጠርዙን ብቻ ረግጦ ይነሣል። ሃምሳ አለቃው የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ሃያ ዓመት ያህል ያገለገሉ የተኩስ አሠልጣኝ ናቸው። እኛ ደግሞ ከጦር አካዳሚ ከወጣን ብዙ ያልቆየን፣ ሰልፍን በመስመር ማስተካከል እንጂ ሰውን ከአረማመዱ መረዳት ገና ያልተማርን መኮንን ነን። ሰልፉን አስቁመን፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እርጅና ከመጣ ጡረታ መጠየቅ ነው እንጂ ሰልፍ ማበላሸት አይገባም» አልን። አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው ግን «አቤት ጌታዬ» ብለው ተረከዛቸውን አጋጠሙ። በፊታቸው ላይ ምንም ምልክት አልታየም።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ባለቤታቸው ወደ ቢሯችን መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው አንድ ጥንድ አሮጌ ከስክስ ጫማ ይዘው ነበር። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ጫማውን ገልብጠው በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉን፦

«መቶ አለቃ፣ እባክዎ ይህን ይዩልኝ። ጫማውን የምወለውለው እኔ ነኝ። የግራው ሲያልቅ እኩል ያልቃል። የቀኙ ግን በውጭ ጠርዙ በኩል ብቻ ተበልቶ ያልቃል። የግራው ቆዳ ጣቶቹ በሚታጠፉበት ላይ ቀጥ ብሎ ተሸብሽቧል፤ የቀኙ ሽብሽብ ግን ሰያፍ ነው። ይህ ሰው የቀኝ አውራ ጣቱን አጥፎ ከረገጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ለእናንተ አይናገርም። እኔ ግን ሌሊት ሲያቃስት እሰማለሁ።»

ጫማውን ይዘን ዝም አልን። እኛ በየሳምንቱ ሰልፍ እየመረመርን ያላየነውን፣ አንዲት የቤት እመቤት በጫማ ቀለምና በብሩሽ መካከል አንብበውታል። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሡንም እርሳቸው ናቸው።

አንድ ጣት፣ ሁለት በሽታ

በዚያው ሰሞን የሌላ ሰው እግር ጉዳይ ደረሰን። እኒህኛው የሠላሳ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ከፋሲካ በዓል በኋላ ባለችው ሁለተኛዋ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የግራ እግራቸው አውራ ጣት እንደ ፍም እየፋመ ቀሰቀሳቸው። ጣቱ ቀልቷል፤ አብጧል፤ ብርድ ልብሱ እንኳ ሲነካው ያስጮኻቸዋል። ሾፌሩ «ጫማዬ ጠቦኝ ነው» ብለው አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዙ። በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ለቀቃቸው፤ ጫማው እንዳዳናቸውም አመኑ። ከአራት ወር በኋላ በዚያው በሰፊው ጫማ ውስጥ ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

የሃምሳ አለቃው ታሪክ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ሕመማቸው ሲጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተው» አላቸው። እሳቸውም ሦስት ዓመት ሙሉ ሥጋ ሳይቀምሱ ኖሩ። ጣታቸው ግን ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ እየደረቀ ሄደ። በኋላ ሁለቱም ሲመረመሩ፣ ሪህ የያዛቸው ሾፌሩ፣ መገጣጠሚያቸው ያለቀው ደግሞ ሃምሳ አለቃው ሆነው ተገኙ። አንዱ ጫማ ለወጡ፤ ሌላው ሥጋ ተዉ። መፍትሔያቸውን ቢለዋወጡ ኖሮ ሁለቱም ወደ እውነቱ በቀረቡ ነበር።

በአገራችን ልማድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ይባላል። ስሙ አንድ በመሆኑ ሕክምናውም አንድ ይመስለናል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን በሽታዎች ለያይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ግትር አውራ ጣት

አውራ ጣት ከእግር ጋር የሚያያዝበት ትልቁ መገጣጠሚያ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሥራው ከባድ ነው። በምንራመድበት ጊዜ ተረከዛችን ከመሬት ሲነሣ፣ የሰውነታችን ክብደት ወደ ፊት ተንከባሎ በዚህ መገጣጠሚያ በኩል ያልፋል። ለዚህም አውራ ጣት ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ መታጠፍ አለበት። ዳገት መውጣት፣ መሮጥ፣ ተንበርክኮ መተኮስ፣ ፑሽ አፕ መሥራት፣ እንዲሁም ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠብ ከዚህም የበለጠ መታጠፍን ይጠይቃሉ። ስለሆነም ይህ መገጣጠሚያ የወታደሩም የባለቤቱም የዕለት ተዕለት ባለሟል ነው ማለት ይቻላል።

የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳና አንሸራታች ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ በዕድሜ፣ በተደጋጋሚ ጫና፣ ቀድሞ በደረሰ ስብራት ወይም ምት፣ አንዳንዴም ከትውልድ በሚወረስ የእግር ቅርጽ የተነሣ እየሳሳ ሲሄድ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል። ሰውነትም ለመከላከል ይመስል በመገጣጠሚያው ዳርቻ ላይ ትርፍ አጥንት ያበቅላል። ይህ ትርፍ አጥንት በጣቱ አናት ላይ እንደ ጉብታ ይወጣና፣ በር በድንጋይ እንደሚደገፍ ሁሉ ጣቱ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ይገታዋል። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪስ ኮሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሕመሙን በጽሑፍ ገለጸው፤ በዚያው ዘመን ደግሞ ኮተሪል የተባለ ሐኪም «ሃሉክስ ሪጂደስ» የሚል የላቲን ስም ሰጠው። ትርጉሙም «ግትር አውራ ጣት» ማለት ነው።

የዚህ በሽታ ጠባይ ቀስ በቀስ መምጣቱ ነው። በመጀመሪያ ረጅም ጉዞ ከተደረገ በኋላ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ በጠዋት የመጀመሪያዎቹ ርምጃዎች ላይ ጣቱ ደርቆ ይገኛል። ከዚያም ጉብታው ከጫማው ቆዳ ጋር እየተፋተገ ይቀላል። በመጨረሻም ሰውየው ሳያውቀው አረማመዱን ይለውጥና በእግሩ የውጭ ጠርዝ መርገጥ ይጀምራል። በዚህም የተነሣ ጉልበቱን፣ ዳሌውንና ወገቡን መታመም ሊያስከትልበት ይችላል። በሽታው በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ እንደሚበዛም ይታወቃል።

እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱ ቀላል ፍተሻ ሊያደርግ ይችላል። ይኸውም ተቀምጦ አንዱን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ማድረግ፣ አውራ ጣቱን በእጅ ይዞ በዝግታ ወደ ላይ ማጠፍ፣ ከዚያም ከሌላው እግር ጋር ማነጻጸር ነው። አንደኛው ጣት በነጻ ሲታጠፍ ሌላው በመካከል ከቆመና በአናቱ ላይ ካሳመመ፣ ወደ ክሊኒክ መሄጃው ጊዜ ደርሷል። የቀረውን ራጅ ይናገራል።

እውነተኛው ሪህ

ሪህ ከመገጣጠሚያ ማለቅ የተለየ፣ ምንጩ ደም ውስጥ ያለ በሽታ ነው። ሰውነታችን ፒዩሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሲፈጭ ዩሪክ አሲድ ይወጣል፤ ኩላሊትም ያስወግደዋል። ኩላሊት በበቂ መጠን ሳያስወግደው ሲቀር በደም ውስጥ ይጠራቀምና እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይረጋል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ማረፊያው የእግር አውራ ጣት ነው፤ ከሰውነት ሁሉ ርቆ የሚገኝና የሚቀዘቅዝ ስፍራ መሆኑ ለክሪስታሉ ያመቸዋልና።

የሰው ልጅ ይህን በሽታ ካወቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሂፖክራተስ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1679 ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በማጉያ መነጽሩ ክሪስታሎቹን አየ። በ1848 እንግሊዛዊው ጋሮድ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ። በ1961 ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ አሜሪካውያን ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ክሪስታሉን በማይክሮስኮፕ ለይተው አረጋገጡ። አሎፑሪኖል የተባለው መድኃኒት ደግሞ በ1966 በአሜሪካ ለሪህ ሕሙማን ተፈቀደ። መድኃኒቱ ከተገኘበት ሥራ ባለቤቶች መካከል ወይዘሪት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን መዘርዘራችን ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ሪህ በሚገባ የታወቀና ሊገታ የሚችል በሽታ ሆኖ ሳለ፣ ሰው በከንቱ እንዳይሠቃይበት ለማሳሰብ ነው።

የሪህ ጠባይ ድንገተኛነቱ ነው። ሌሊት ይመጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ይከራል፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። አታላይነቱም ይኸው ነው። ሕመምተኛው የዋጠው፣ የተቀባው ወይም እንደ ሾፌራችን የገዛው ነገር ያዳነው ይመስለዋል። ክሪስታሉ ግን አልወጣም፤ ተኝቷል። ካልታከመ እየተመላለሰ መገጣጠሚያውን ይበላል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። በሽታው በአብዛኛው ከ30 ዓመት በላይ ያሉ ወንዶችን ያጠቃል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ከመቋረጡ በፊት እምብዛም አይታይም።

ስለ ምግብና መጠጥ ብዙ ይባላልና እውነቱን እናስቀምጥ። ዱለት፣ ጉበትና ኩላሊት ፒዩሪን የበዛባቸው ናቸው። ብዙ ቀይ ሥጋ በአንድ ጊዜ መብላትም በሽታውን ይቀሰቅሳል። ቢራና አረቄ ክፉ ጠላቶች ናቸው፤ ጠላም ከእህል የሚጠመቅ ስለሆነ ከቢራው ወገን ነው። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም ንጹሕ አይደለም። በሌላ በኩል ሽሮ፣ ምስርና አተር በሪህ ሰበብ ከገበታ መነሣት የለባቸውም፤ ከጥራጥሬ የሚገኘው ፒዩሪን የሪህን አደጋ ጎልቶ እንደማያሳድግ ጥናቶች አሳይተዋል። ወተትም ቡናም አይከለከሉም። ውኃ በብዛት መጠጣት በተለይ በቆላ ለሚያሽከረክሩ ሾፌሮች ይበጃል። ይሁን እንጂ ምግብ ብቻውን ሪህን ብዙ ጊዜ አይገታም፤ ዋናው ችግር ኩላሊቱ ዩሪክ አሲዱን በሚገባ አለማስወገዱ ነውና። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ዩሪክ አሲድን ስለሚያበዙ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪም መናገር ይገባል።

ሪህ የሚመላለስበት ሰው ሐኪም በሚያዝዘው መሠረት አሎፑሪኖል በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳድጋል። ዓላማውም በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ከ6 ሚሊ ግራም በታች እንዲወርድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊነሣ ስለሚችል ሐኪሙ ኮልቺሲን ሊጨምርለት ይችላል። በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ ባሰብኝ» ብሎ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ነገር ግን በቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሮጥ ግዴታ ነው። በሕመሙ ወቅት የሚደረግ የደም ምርመራ አንዳንዴ ደኅና መስሎ ስለሚታይ፣ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ተገቢ ነው።

ክኒን ስለ መዋጥ

ሃምሳ አለቃው ሕመማቸውን ደብቀው ሥራቸውን የቀጠሉት በክኒን ኃይል ነበር። ከአንድ መድኃኒት መሸጫ ያለ ትእዛዝ የሚገዙትን ዳይክሎፌናክ ጠዋት ማታ፣ ሰልፍ ባለበት ቀን ደግሞ በባዶ ሆድ ጭምር ይውጡ ነበር። አንድ ቀን ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሰውነታቸው ዛለ። የጨጓራቸው ደም መፍሰሱን ያወቁት ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ስለ ጨጓራቸው እንጂ ስለ ጣታቸው አልተናገሩም። በእግር ጣት የተጀመረ ምስጢር ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊወስዷቸው አይገባም። ማንም ቢሆን ምግብ በልቶ፣ በታዘዘው መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ነው መውሰድ ያለበት። በመገጣጠሚያው ላይ የሚቀባው ዓይነት ለጨጓራ ይሻላል።

ስለ ወጌሻም አንድ ቃል እንበል። ወጌሻዎቻችን ውልቃትን በመመለስ የተመሰገኑ ናቸው። ሆኖም ልባሱ ያለቀ ጣት የወለቀ ጣት አይደለም፤ በኃይል ቢጎተትና ቢታሽ ይብሳል። በሪህ የቆሰለ ጣትም መታሸትን አይችልም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሦስተኛ ነገር አለ። መገጣጠሚያው ቀልቶ አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት፣ ወይም ሕመምተኛው የስኳር በሽታ ካለበት፣ ነገሩ መመረዝ ሊሆን ስለሚችል ሳይነጋ ወደ ሕክምና መድረስ ያስፈልጋል። ይህ ለነገ የማይባል ጉዳይ ነው።

ጫማና ጫማ ሰፊ

ለግትር አውራ ጣት የመጀመሪያው ሕክምና ያለው በእግር ላይ ነው። አሳቡ ቀላል ነው፤ ጣቱ እንዳይታጠፍ ከተፈለገ ጫማው መታጠፍ የለበትም። የሃምሳ አለቃውን ጫማ ያስተካከሉት ከጦር ሠፈሩ በር ፊት ለፊት የሚሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ናቸው። የሠሩትም በጤና መኮንኑ ምክር የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ በጫማው የውስጥ ንጣፍ ሥር፣ ከተረከዝ ጀምሮ እስከ አውራ ጣት ጫፍ የሚደርስ ጠንካራ ደረቅ ቆዳ አነጠፉ። ስስ የብረት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ዝርግም ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሶሉን የፊት ክፍል እንደ ጀልባ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አድርገው ቀረጹት፤ በዚህም እግሩ ሳይታጠፍ ይንከባለላል። ሦስተኛ፣ በጉብታው አናት ላይ ያለውን ቆዳ በቅርጽ እንጨት ወጥረው አሰፉት። አራተኛ፣ ጉብታውን የሚጫነውን የማሰሪያ ቀዳዳ ዘልለው እንዲያስሩ መከሯቸው። ወጪው የአንድ ወር የክኒን መግዣ እንኳ አልሆነም።

አዲስ ጫማ የሚገዛ ሰው እግር ከዋለ በኋላ ያብጣልና ከቀትር በኋላ ይግዛ። ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። በእጅ ሲታጠፍ እንደ ጨርቅ እጥፍ የሚል ጫማ ለዚህ በሽታ አይሆንም። በረባሶና ነጠላ ጫማ በቤት ውስጥ ቢያመቹም ለረጅም መንገድ አይመከሩም። ታኮ ጫማ ደግሞ ክብደትን ሁሉ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ ስለሚጥል፣ ጣታቸውን የሚያማቸው እኅቶቻችን ለሠርግም ቢሆን ባይጫሙት ይሻላል።

በቤት ውስጥም የሚደረግ አለ። ጣቱ ሲያብጥ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ በጨርቅ አድርጎ ለሩብ ሰዓት ያህል መያዝ፣ ጠዋት ሲደርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ሳያስገድዱ ማንቀሳቀስ፣ ክብደትን መቀነስ፣ ሩጫን በብስክሌት መተካት ይረዳል። ልብስ ማጠብንና ቡና መቁላትን ቁጢጥ ከማለት ይልቅ በዱካ ላይ ተቀምጦ፣ እግርን ዘርግቶ ማከናወን ለብዙ እናቶች እፎይታ ይሰጣል። ሐኪም በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋው የኮርቲዞን መርፌም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያስታግሳል፤ ሆኖም መደጋገም የለበትም።

ቢላዋ መቼ?

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ እንቅልፍና ሥራ ከከለከለ፣ ሁለት ዋና ዋና የቀዶ ሕክምና መንገዶች አሉ። በሽታው ገና ካልጠና ሐኪሙ ትርፉን አጥንት ይላጨዋል፤ ጣቱም እንደገና የመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ልባሱ ፈጽሞ ካለቀ ግን ሁለቱ አጥንቶች በብሎን ወይም በብረት ዝርግ ተያይዘው አንድ እንዲሆኑ ይደረጋል። ይህን የሰማ ሰው «ጣቴ ሊሞት ነው» ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ያመው የነበረው እንቅስቃሴው ስለሆነ፣ እንቅስቃሴው ሲቆም ሕመሙም ይቆማል። ከ10 ታካሚዎች በ9ኙ ያህል አጥንቱ በሚገባ ይጋጠማል። ለመጋጠም ግን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። ከዚያ በኋላ መራመድና ተራራ መውጣት፣ ለብዙዎችም መሮጥ ይቻላል፤ ታኮ ጫማ ግን ከዚያ ወዲያ አይታሰብም። ሲጋራ አጥንት እንዳይጋጠም ስለሚያደርግ፣ አጫሽ የሆነ ታካሚ አስቀድሞ ማቆም አለበት።

ለአለቆችና ለባለቤቶች

አንድ ወታደር በሰልፍ ሲዘገይ፣ አለቃ ከመናገሩ በፊት ጫማውን ይመልከት። ለሐኪም እንዲታይ ማዘዝ ዲሲፕሊን ማላላት አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው ማዳን ነው። ለጊዜው ከረጅም ጉዞ ነጻ የተደረገ አሠልጣኝ በመማሪያ ክፍልና በተኩስ ሜዳ ላይ ሙሉ አገልግሎት ይሰጣል። ጨጓራው ደምቶ ሆስፒታል የተኛ አሠልጣኝ ግን ለማንም አይጠቅምም።

እናንተም እኅቶቻችን፣ ባለቤቶቻችሁ የማይናገሩትን ጫማቸው ይናገራል። የሶሉን አበላል፣ የቆዳውን ሽብሽብ፣ በኪስ የሚገኘውን የክኒን ወረቀት አስተውሉ። የእናንተንም እግር አትርሱ። ለባሏ ጫማ ይዛ ቢሮ ድረስ የምትሄድ ሴት ለራሷ እግር ክሊኒክ ደጃፍ የማትደርስበትን ጊዜ ብዙ አይተናልና።

ሾፌሩ አሎፑሪኖል ጀምረው እነሆ ካለፈው ሕመም ወዲህ ሌላ አልተነሣባቸውም። ሰፊውንም ጫማ ለወንድማቸው ሰጥተዋል። ሃምሳ አለቃው በተስተካከለው ጫማ አጭር ሰልፍ ይሰለፋሉ። ረጅም ጉዞ ባለ ማግሥት አሁንም ያማቸዋል፤ አጥንቱን ስለ ማያያዝ ከሐኪማቸውና ከባለቤታቸው ጋር እየተመካከሩ ናቸው። ሥጋም መብላት ጀምረዋል።

እኛ ደግሞ የቀረብን ዕዳ ነበረ። በሰልፍ ፊት የተነገረ ክፉ ቃል በቢሮ ውስጥ በሹክሹክታ አይሰረዝም። ስለዚህ በተከታዩ የሰልፍ ዕለት፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ረድፍ ፊት ቆመን፣ ባለፈው የተናገርነው ስሕተት እንደነበረና ሃምሳ አለቃውን ይቅርታ እንደምንጠይቅ ተናገርን። እሳቸውም እንደ ፊተኛው «አቤት ጌታዬ» አሉና ተረከዛቸውን አጋጠሙ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ከሰልፉ በኋላ ግን ሦስት ወታደሮች አንድ በአንድ ወደ ክሊኒኩ ሲሄዱ አየን። ሦስቱም ያነክሱ ነበር።

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሰንብቱ። የሳምንት ሰው ይበለን።